ከአገሩ በፊት ቪዛውን

ባለፈው ጥቅምት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፗን እንደተከፈተ ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። የፓሪስ ትኬት ነው። ዋጋው ወርዷል፤ ከጎኑ በቀይ "2 መቀመጫ ብቻ ቀርቷል" ይላል። "ዛሬ ካልቆረጥኩት ያመልጠኛል" አለችኝ። "ቪዛውስ?" ስላት "እሱን ከትኬቱ በኋላ እጀምረዋለሁ" አለች። ትኬቱ ገንዘብ የማይመለስበት ነው። ገንዘቡ ደግሞ የዕቁብ ነው፤ ሁለት ዓመት የተጣለ።

ላፕቶፑን ዘግተን ማኪያቶ ልንጠጣ ወረድን። ያን ቀን ያወራነውን ነው እዚህ የምጽፈው። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለምና። ደሞዝተኛ ሆኖ፣ ትንሽ አጠራቅሞ፣ ለሥራም ለስደትም ሳይሆን አገር ለማየት ብቻ መውጣት የሚፈልግ ወጣት በዙሪያዬ እየበዛ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው ምክር ግን አብዛኛው ለሌላ ፓስፖርት የተጻፈ ነው። የምትወዱትን አገር ምረጡ፣ ርካሽ ትኬት አድኑ፣ ማደሪያ ያዙ ይላል። ቪዛ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይነሳል። የእኛን ፓስፖርት ለያዘ ሰው ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ቪዛው ይታያል፤ አገሩ የሚመረጠው ከዚያ ነው። ትኬት የሚቆረጠው ሁለቱ ካለቁ በኋላ ነው።

ሼንገንን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸውን የአውሮፓ አገሮች፣ እንውሰድ፤ የብዙዎቻችን ሕልም እዚያ ስለሆነ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆቹ ናቸው።) የማመልከቻው ክፍያ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ ብሏል። ማመልከቻውን የሚቀበለው ማዕከል የራሱን የአገልግሎት ዋጋ ይጨምርበታል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ዋስትና ይጠየቃል። የጋብቻ ወረቀት፣ የንግድ ፈቃድ፣ የቤት ካርታ ማስተርጎም አለ። ባልና ሚስት ከሆኑ ማመልከቻው ብቻ 180 ዩሮ ነው። በዕለቱ ምንዛሬ ምቱትና እዩት። ቪዛው ከተከለከለ ይህ ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ የቪዛ ወጪ በጀት ውስጥ "ልዩ ልዩ" ተብሎ የሚገባ አይደለም። ሊበላ የሚችል ገንዘብ ነውና ራሱን ችሎ፣ ከላይ ይቀመጥ።

በእኛ ላይ ደግሞ ተጨማሪ አለ። በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያውያን አመልካቾችን የሚመለከት ውሳኔ አሳለፈ። ምክንያቱ ተጓዦቹ ያጠፉት ነገር አይደለም። በአውሮፓ የመኖር ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎች መልሶ በመቀበል ረገድ የኢትዮጵያ መንግሥት በበቂ አልተባበረም ብሎ ነው ኅብረቱ የወሰነው። ውጤቱ ግን ባልደረባዬ ማመልከቻ ላይ ያርፋል። ለሌላው ሰው 15 ቀን የሆነው መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆነ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቆመ። አንዳንድ ሰነዶችን የማቅለል መብትም ተነሳ። ውሳኔው መሻሻሉን ወይም መቆየቱን ከማመልከታችሁ በፊት አጣሩ፤ ስታቅዱ ግን በ45 ቀን አቅዱ።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ሰው አያስተውልም። ፓሪስ ገብታችሁ፣ የእንግሊዝ ቪዛ ኖሯችሁ ለሁለት ቀን ለንደን ብትሻገሩ፣ ወደ ፓሪስ መመለስ የለም። የመመለሻ ትኬታችሁ ከፓሪስ ከሆነ ችግር ውስጥ ናችሁ።

ርካሽ ትኬት ራሱ ወጥመድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በሼንገን አገሮች ለማለፍ ብቻ፣ ከአየር ማረፊያው ሳይወጡ፣ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት 12 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በፍራንክፈርት በኩል ወደ ሌላ አህጉር የሚያልፍ ትኬት 100 ዶላር ቀንሶ ስታዩት መጀመሪያ ይህን አስቡ። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሉትም። ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን ለየብቻ የሚገዙም አሉ፣ ይቀንሳል ብለው። ያኔ መሀል ላይ ሻንጣ አውጥቶ እንደገና ለማስገባት ወደ አገሩ መግባት ሊያስፈልግ ይችላል። ለመግባት ደግሞ ቪዛ።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስትሰማ "ታዲያ ለምን እንደ ሌባ ያዩናል?" አለችኝ። ተከፍታ ነው የጠየቀችኝ። እኔም ይሰማኛል። ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ በራሳችን ቋንቋ ውስጥ ያለ ነገር አለ። "ወጣ" ስንል ሄዶ ቀረ ማለታችን ነው። "ልጇ ውጭ ነው" ስንል እዚያ ይኖራል ማለታችን ነው። ሰባት ቀን ሄጄ እመለሳለሁ ብትሉ፣ አክስታችሁም በሹክሹክታ "እውነት ልትመለሺ ነው?" ትላለች። የቆንስላው ሰራተኛ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ በወረቀት። ስለዚህ የምታስገቡት ፋይል ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ወረቀት መመለስ አለመመለሳችሁን ለሚጠይቅ ሰው የተሰጠ መልስ ነው። በዚህ ዓይን ካያችሁት ምን እንደሚያስፈልግ ራሱ ይነግራችኋል።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከመቼ ጀምሮ እንደምትሠሩ፣ ደሞዛችሁን፣ የፈቃዱን ቀንና ወደ ሥራ የምትመለሱበትን ቀን ይናገር። ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ደብዳቤው በእኛ፣ የሆቴሉ ቦታ ማስያዣ በፈረንጅ ከሆነ አንድ ቀን ሲሳሳት ጥያቄ ይነሳል። የባንክ መግለጫው ደሞዝ ሲገባና ቤት ኪራይ ሲወጣ የሚያሳይ፣ ለወራት የተንቀሳቀሰ ይሁን። ከማመልከቻው ሳምንት በፊት ከዘመድ ተበድሮ የተከመረ ገንዘብ ወዲያው ይታወቃል። አውሮፓ ያለች እህት ግብዣ ብትልክ ጥሩ ነው፤ ማደሪያውን ይሸፍናል። የእህት ደሞዝ ግን የእናንተን ሥራ አይተካም።

ስለ ደላላ አንድ ነገር ልናገር፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። በቴሌግራምና በቲክቶክ "መቶ ፐርሰንት ቪዛ" የሚሉ ሞልተዋል። ቪዛ የሚሰጠው ቆንስላው ብቻ ነው፤ ማንም ሰው መቶ ፐርሰንት ሊል አይችልም። የማውቀው አንድ ልጅ የባንክ መግለጫ "አሠርተንልሃል" ብለውት ተቀበለ። ወረቀቱ ሐሰተኛ መሆኑ ተደረሰበት። የሼንገን የቪዛ መረጃ ቋት ማመልከቻንና ክልከላን እስከ 5 ዓመት ይይዛል፤ ሁሉም አባል አገሮች ያንኑ ያያሉ። ልጁ በራሱ ወረቀት ቢያመለክት ኖሮ ምናልባት ይከለከል ነበር፤ ምናልባትም ያገኝ ነበር። አሁን ግን የሚቀጥለው ማመልከቻው ከውሸት ነው የሚጀምረው።

እንግዲህ ወዴት? ያን ቀን ለባልደረባዬ ያልኳት፣ ለእናንተም የምለው፣ የመጀመሪያው ጉዞ ቪዛ ወደማይጠይቀን አገር ይሁን ነው። ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ናይሮቢ ነው። ኢትዮጵያውያን ኬንያ ያለ ቪዛ መግባት ከጀመርን ረጅም ዘመን ነው። በ2024 ኬንያ ለአብዛኞቹ እንግዶች የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ስታመጣ ትንሽ ግራ መጋባት ተፈጥሮ ነበር፤ በ2025 ለአብዛኞቹ አፍሪካውያን አንስታዋለች። ሁለተኛዋ ኪጋሊ ናት። ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን ሁሉ በሯን ከፍታለች። ለቪዛ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ማደሪያና ምግብ ላይ ይውላል። ከሁሉ በላይ ግን "ቢከለክሉኝስ?" የሚባል ጭንቀት የለም። የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ያለበት ፓስፖርትም ለሚቀጥለው ማመልከቻ ይጠቅማል፤ ሄዶ የተመለሰ ሰው ፓስፖርት ነውና።

ኬንያን ርካሽ የሚያደርጋት ቅርበቷ ብቻ አይደለም። ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚወስደው ባቡር በ2017 ሥራ ጀመረ። ኢኮኖሚ ክፍሉ በ2024 መጀመሪያ ከ1,000 ወደ 1,500 ሽልንግ ጨመረ። ተጨምሮበትም ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት የጻቮን ፓርክ በመስኮት እያዩ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ መውረድ ነው። ዕድል ከቀናችሁ በሐዲዱ ዳር ቀይ አፈር የለበሱ ዝሆኖች ታያላችሁ። ሞምባሳ ላይ ፖርቹጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠሩት የፎርት ጂሰስ ምሽግ አለ። ባሕር አይቶ ለማያውቅ የደጋ ልጅ ግን ዋናው ባሕሩ ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ማስታወስ ያለባችሁ ሁለቱም ጣቢያዎች ከከተማ ወጣ ያሉ መሆናቸውን ነው። ወደ ጣቢያው የሚወስደው ታክሲ ከባቡሩ ትኬት ጋር አብሮ ይታሰብ።

በየብስ መሄድ ይቻላል፤ አዋሳን፣ ዲላንና ያቤሎን አልፎ በሞያሌ። ሞያሌ ላይ በ2020 መጨረሻ የተከፈተው የጋራ የድንበር ጣቢያ የሁለቱን አገር ቁጥጥር ወደ አንድ ቦታ አምጥቶታል። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለው መንገድም አስፋልት ነው። ነገር ግን የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ካለፈ ሰው ሳትጠይቁ አትነሱ። ለመጀመሪያ ጉዞ እኔ በአየር ሂዱ እላለሁ። ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ፣ ሁለት ቀን ለመመለስ፤ የዓመት ፈቃዳችሁ መንገድ ላይ ያልቃል።

ኪጋሊ ሌላ ዓይነት ናት። ትንሽ፣ ጸጥ ያለች፣ በማታ በእግር የሚኬድባት። ጊሶዚ ያለው የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ መግቢያው ነፃ ነው፤ ከ250,000 በላይ ሰዎች ያረፉበት ነው። ከዚያ ወጥታችሁ ሌላ ነገር ለማየት ልብ አይኖራችሁም፤ ስለዚህ ለብቻው ግማሽ ቀን ስጡት። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቡ ኡሙጋንዳ ለሚባለው የጋራ ሥራ ይወጣል። እስከ ረፋድ ሱቅ ዝግ ነው፤ መኪናም የለም ማለት ይቻላል። ጉዟችሁ ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ይህን ቅዳሜ አስተውሉ።

ማደሪያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋጋውን ብቻ ሲያይ ነው። ከመሀል ከተማ የራቀ ርካሽ ክፍል በየቀኑ ለትራንስፖርት ያስከፍላችኋል። ናይሮቢ መሀል ከተማ ደግሞ በጣም የረከሱ ክፍሎች ያሉባቸው መንደሮች አሉ፤ ከተማውን ለማያውቅ ሰው በማታ አይመከሩም። ባልደረባዬና ሁለት ጓደኞቿ ኪሊማኒ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራዩ። ለሦስት ሲካፈል ከሆስቴል አልጋ ብዙም አልራቀም። ወጥ ቤት ስላለው ቁርስና እራት ቤት ነው የበሉት፤ እንጀራ ሲያምራቸው ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤት ሩቅ አልነበረም። ለብቻው የሚሄድ ሰው ሆስቴል ያዋጣዋል። ስድስትና ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ ነው የምትከራዩት፤ ዕቃችሁን የምትቆልፉበት ሳጥን አለው፤ ቁልፉን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ሴት ለብቻዋ ከሆነች የሴቶች ብቻ ክፍል መኖሩን ትጠይቅ።

አስተያየቶችን ስታነቡ ከፍተኛውን ነጥብ እለፉት። በቅርብ ወራት የተጻፉትን፣ ቅሬታ ያለባቸውን አንብቡ። "ውሃ የለም" የሚል ሦስት ሰው ከጻፈ ውሃ የለም። በማታ የምትደርሱ ከሆነ የመጀመሪያዋ ሌሊት በእርግጠኝነት ትያዝ፤ አስተናጋጁም ስንት ሰዓት እንደምትደርሱ ይወቅ። ለቪዛ የምታስይዙት ሆቴል ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን፤ የመሰረዣው የመጨረሻ ቀን ከ45ቱ ቀን በኋላ መሆኑንም እዩ። እውነተኛ ቦታ ይዞ፣ ካልተሳካ በጊዜው መሰረዝ ትክክለኛ መንገድ ነው። ለማታለል የተሠራ ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ገንዘቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በብር ያቀዱ ሰዎች እቅዳቸው በአንድ ወር ተናደ። ስለዚህ በጀቱ ከመጀመሪያውኑ በዶላር ይጻፍ። ቁጠባው በብር ሊሆን ይችላል፤ ግቡ ግን በዶላር። ባንክ ዶላር ሲሸጥላችሁ ፓስፖርትና ትኬት፣ እንደ አገሩም ቪዛ ያያል። ቀኑ ሲደርስ አትሩጡ። ሁለት ሦስት ባንክ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዋጋውም ኮሚሽኑም ይለያያል። ዓለም አቀፍ ካርድ ከሰጣችሁ ውሰዱት፤ ብዙ ሆቴል ለማስያዝ ካርድ ይጠይቃል። ኬንያ ስትደርሱ በፓስፖርታችሁ ሲም አውጥታችሁ ኤምፔሳ ብታስከፍቱ ይቀላችኋል። እዚያ እንደ እኛ የጀበና ቡና ሻጭ ያለ ትንሽ ሻይ ሻጭም ክፍያ በስልክ ነው የሚቀበለው፤ ቴሌብር የለመደ ሰው አይቸገርም።

ፓስፖርት የሌለው ሰው ዛሬውኑ ይጀምር። የመደበኛው ክፍያ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ካደገ በኋላ የአስቸኳዩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። መዘግየት ብቻውን የአውሮፕላን ትኬት ግማሽ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባትም አለ። ከመነሳታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ተከተቡ፤ ካርዱ አሁን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ደግሞ ብዙ ሰው አስለቅሰዋል። አንደኛው ስም ነው። ትኬት ላይ ስማችሁን በፓስፖርቱ ግርጌ ባሉት ሁለት የፊደልና የቁጥር መስመሮች ላይ እንደተጻፈው ጻፉ፤ በፊደል አንድ እንኳ ሳይለይ። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ትኬቱ "ሐሙስ 02:15" ካለ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ቦሌ መገኘት ያለባችሁም ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣ እየጎተተ ደርሶ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ያለፈው ሰው አይቻለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ ሊሸኘው መጥቶ ነበር።

ባልደረባዬ የሄደችው ጥር ላይ ነው። ከመነሳቷ በፊት በነበረው ምሽት ሻንጣዋን ስታሳየኝ እናቷ ጭኮና ዳቦ ቆሎ በሦስት ፌስታል ቋጥረውላት ነበር። ኬንያ ፌስታል የከለከለችው ከ2017 ጀምሮ ነው፤ ሩዋንዳ ደግሞ ከ2008። ተቀምጠን ሁሉንም ወደ ጨርቅ ከረጢትና ወደ ክዳን ያለው ዕቃ ገለበጥነው። እናቷ "ጨርቅ ውስጥ ይደርቃል" ብለው ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ራሳቸው በነጠላ ቁራጭ ጠቀለሉት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከእኔ ቀድማ ቢሮ ገብታ አገኘኋት። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል። ፓስፖርቷን ከፍታ አንድ ገጽ ላይ ያሉትን ሁለት ማኅተሞች፣ መግቢያውንና መውጫውን፣ በጣቷ አሳየችኝ። ከዚያ ከሰው ሀብት ክፍል ያመጣችውን ደብዳቤ አወጣች። የመስከረም ፈቃድ ነው፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል።